በዘፈቀደ ከሆነ እግዚአብሔር የት ገባ?

ጥያቄ፦ መምህር፣ የላቦራቶሪ ተማሪና እናት ነኝ። ነጭ የደም ሴሎቻችን አንቲቦዲ (ጀርምን የሚይዝ የመከላከያ ፕሮቲን) የሚሠሩት ጂናቸውን በዘፈቀደ እየቆረጡና እየቀጠሉ ነው ብለው አስተማሩን። ታዲያ እግዚአብሔር የት ገባ? ልጅሽን ማስከተብ እምነት ማጣት ነው የሚሉኝም አሉ።

መልስ፦ እኅታችን፣ ያስተማሩሽ ልክ ነው። የሰው ጂን 20,000 ገደማ ነው፤ ሰውነታችን ሊሠራ የሚችለው አንቲቦዲ ግን በቢሊዮን ይቆጠራል። ይህ እንዴት እንደሚሆን በ1976 እ.ኤ.አ. ያሳየው ስዊዘርላንድ ባዝል ይሠራ የነበረው ጃፓናዊው ሱሱሙ ቶኔጋዋ ነው። በ1987 ኖቤል ተሸለመበት።

አንቲቦዲ የሚሠራው ነጭ የደም ሴል፣ ቢ ሴል፣ መቅኔ ውስጥ ሲያድግ ቪ፣ ዲ እና ጄ ከሚባሉት የጂን ቁራጮች ከየዓይነቱ አንድ አንድ ይወጣል። ራግ 1 እና ራግ 2 የተባሉ ፕሮቲኖች ይቆርጣሉ፣ ሌሎች ይቀጥላሉ። የትኛው እንደሚወጣ አስቀድሞ አይታወቅም። ግን ልብ በይ፦ ራግ እንደፈለገ አይሠራም። የሚሆን አንቲቦዲ ሲገኝ ይዘጋል። የራሳችንን አካል የሚያጠቃ ከወጣ፣ አብዛኛውን ጊዜ እንደገና ይቆረጣል ወይም ሴሉ ይሞታል። ኋላ ጀርም ሲመጣ፣ ንፍፊት ውስጥ ኤአይዲ የተባለ ኤንዛይም ይነሣና የአንቲቦዲውን ጂን ፊደላት ይለዋውጣል። ጀርሙን አጥብቆ የሚይዘው ሴል ይበዛል። ኤአይዲ ሌላ ጂን ከነካ ሊምፎማ የተባለ የነጭ የደም ሴል ካንሰር ሊያመጣ ይችላል፤ ስለዚህ ሴሉ በጥብቅ ይቆጣጠረዋል።

አሁን ወደ ጥያቄሽ። ምሳሌ 16፥33 ዕጣውን ሰው ቢጥልም ውሳኔው የእግዚአብሔር ነው ይላል። ማትያስም ከሐዋርያት የተቆጠረው በዕጣ ነው። እኛ አስቀድመን ያላወቅነው ሁሉ እሱ ያላወቀው አይደለም። ቢሆንም እኔ ራግን የእግዚአብሔር መኖር ማረጋገጫ አድርጌ ዓውደ ምሕረት ላይ አልወጣም። ሃይማኖታችን በላቦራቶሪ ውጤት የቆመ አይደለምና፣ አንቺም ክፍል ውስጥ እንዲህ ብለሽ አትከራከሪ።

ክትባቱስ? ይኸው ሥራ በሽታው ሳይመጣ እንዲጀመር ያደርጋል። ብዙ ክትባት የሚደገመውም አንዱ ምክንያት፣ ሴሎቹ እየተሻሻሉ እንዲሄዱ ነው። መጽሐፈ ሲራክ ምዕራፍ 38 ሐኪምን አክብር፣ መድኃኒትንም የፈጠረ እግዚአብሔር ነው ይላል። ማስከተብ እንዴት ክህደት ይሆናል? ጸበሉንም አትተዪ። ጠዋት ጸበል አስጠምቀሽ ከሰዓት ጤና ጣቢያ ብትወስጂው ምንም ነውር የለውም። የክትባት ቀጠሮውን ግን እንዳታሳልፊ። «ተዪው» የሚልሽ ካለ፣ ከእሱ ጋር ከመጨቃጨቅ ለንስሐ አባትሽ ንገሪያቸው።