«እስከ ሃያ ይቆጥራል፤ ውሃ ስጪኝ ግን አይልም»

እንደምን ሰነበቱ?

የምጽፍልዎት ከባሕር ዳር ነው። ልጄ ሁለት ዓመት ከሰባት ወሩ ነው። እኔና አባቱ ሥራ ስለምንውል ከሠራተኛችን ጋር ነው የሚውለው። እሷም ሥራዋን እስክትጨርስ ስልክ ከፍታ ታስቀምጠዋለች፤ ማታ ሲደክመኝ እኔም እንደዚያው አደርጋለሁ። በእንግሊዝኛ እስከ ሃያ ይቆጥራል። ውሃ ሲፈልግ ግን እጄን ይዞ ይጎትተኛል እንጂ አፍ አውጥቶ አይጠይቅም።

ግቢያችን ውስጥ የተከራይ ልጆች ሞልተዋል። አፈር ላይ ሲንከባለሉና ሲሰዳደቡ ስለማይ እንዳይወጣ ከልክያለሁ። አማቴ ሰሞኑን ከዘጌ መጥተው «ልጁን አሰርሽው እኮ፣ ልቀቂው!» ብለው ተቆጡኝ። ባለቤቴ ደግሞ «እኔም አፌን የፈታሁት ዘግይቼ ነው» ይላል። መስከረም ላይ በእንግሊዝኛ የሚያስተምር መዋዕለ ሕፃናት ላስገባው አስቤያለሁ። ማንን ልስማ?

የአንድ ልጅ እናት

መልስ

እህቴ፣ አማትሽን ስሚ። ባለቤትሽን በዚህ ነገር አትስሚው።

መጀመሪያ ሐኪም። ሁለት ዓመት የሞላው ልጅ «እማ ነይ» ብሎ ሁለት ቃል ማገናኘት ይጠበቅበታል። ጥበበ ግዮን ሆስፒታልም ፈለገ ሕይወት ሆስፒታልም እዚያው ከተማሽ ናቸው፤ ጆሮው ይመርመር። ስሙ ሲጠራ ይዞር እንደሆነ፣ የወደደውን በጣቱ ጠቁሞ ያሳይሽ እንደሆነ፣ እጅ መጎተቱንም ለሐኪሙ ንገሪ። የመስማት ችግርም ሆነ ኦቲዝም ቢኖር ቶሎ መታወቁ ብዙ ይረዳዋል።

ስለ ስልኩ፦ አሜሪካዊቷ ተመራማሪ ፓትሪሻ ኩል ከባልደረቦቿ ጋር እ.ኤ.አ. በ2003 ያሳተመችው ጥናት አለ። ቻይንኛ ተናጋሪዎች ከዘጠኝ ወር አሜሪካውያን ሕፃናት ጋር ለ12 ጊዜ ያህል እየተጫወቱ፣ መጽሐፍ እያነበቡ በቻይንኛ አወሩላቸው። ሕፃናቱ የቻይንኛውን ድምፅ መለየት ቻሉ። ያንኑ በቴሌቪዥን ያዩት ግን ምንም አልያዙም። ስክሪን ልጁ ወዴት እንዳየ አያይም፤ ሲስቅ አብሮት አይስቅም። የልጅሽ ቁጥርም ለጊዜው ዜማ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2019 ባወጣው መመሪያ በዚህ ዕድሜ ስክሪን በቀን ከአንድ ሰዓት እንዳያልፍ፣ ልጁም ቢያንስ ሦስት ሰዓት እንዲንቀሳቀስ ይመክራል። ሦስት ሰዓት ደግሞ ሶፋ ላይ አይገኝም።

ስለዚህ ግቢ ይውጣ። መጀመሪያ ላይ አጠገባቸው ሆኖ ለብቻው አፈር ይጭር ይሆናል፤ ለዕድሜው ደንበኛ ጨዋታ ነውና አትግፊው። ቆይቶ «አኩኩሉ!» ሲባል «አልነጋም!» ይላል። ሰምቶ፣ ተራውን ጠብቆ መመለስ ወሬ ማውራት ማለት እኮ ነው። ዕቃ ዕቃ ሲጫወቱ ቆርኪው ስኒ፣ አሸዋው ቡና ይሆናል፤ አንዱን በሌላው መተካት የቻለ ልጅ ቃልም አይከብደውም። ቆርኪው የኔ ነው ብለው ሲጣሉ ሮጠሽ አትገላግዪ፣ ካልተማቱ በስተቀር። ስድብ? ይማራል። ልጅ የማይሳደብበት ግቢ ካገኘሽ ጻፊልኝ። የውጭው በር ብቻ ይዘጋ፣ ትልቅ ሰውም አይጥፋ፤ አማትሽ ፈቃደኛ ከሆኑ ክረምቱን አቆዪአቸው።

ሠራተኛሽን አትቆጫት። ሥራ ቀንሺላትና ጎመን ስትቀነጥስ አጠገቧ አስቀምጣ ታጫውተው።

መዋዕለ ሕፃናቱን በተመለከተ እንግሊዝኛው አያስቸኩልም። ልትመዘግቢው ስትሄጂ ልጆቹ ከክፍል ውጭ ስንት ሰዓት እንደሚጫወቱ ጠይቂ። መጫወቻ ሜዳ ከሌለው ከበሩ ተመለሺ።