«ጨዋ» ማን ነው?

ጥያቄ፦ ለአባቴ አርባ በምናሳትመው ትንሽ መጽሔት ላይ የሕይወት ታሪካቸውን «ጨዋ ሰው ነበሩ» ብዬ ጀመርሁ። የቤተ ክህነት ትምህርት ያላቸው አጎቴ «ጨዋ ማለት ያልተማረ ነው፤ ክቡር በዪ» አሉኝ። አባቴ አንድ ጎረቤት በእድር ስብሰባ መካከል ሲሰድባቸው፣ ለዚያው ሰው ያበደሩትን ገንዘብ ሳያነሡ የተቀመጡ ሰው ናቸው። የትኛው ቃል ይገባቸዋል?

መልስ፦ ጨዋ ይበሉ። አጎትዎ አልተሳሳቱም፤ በቤተ ክህነት አነጋገር ካህን ወይም ደብተራ ያልሆነ ሁሉ ጨዋ ነው። ቃሉ ግን ከዚያ የሰፋ ታሪክ አለው።

ሥሩ ግእዙ «ፄወወ»፣ ማረከ፣ ነው፤ «ፄዋ» ምርኮ። በመካከለኛው ዘመን ነገሥታቱ በየጠረፉ የሚያሰፍሯቸው ጭፍሮች ጨዋ ይባሉ ነበር፤ በ15ኛው መቶ ዓመት ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ በየአገሩ አስፍረዋቸዋል። ጭፍራው ለአገልግሎቱ መሬት ተሰጠው፣ ገባር ሳይሆን ገባር ያለው ሆነ፣ ልጁም «የጨዋ ልጅ» ተባለ። የምርኮኛ ስም በጊዜ ብዛት የባላባት ስም ሆነ ማለት ነው።

«ጨዋ ከጨው የመጣ ነው፣ ምግባሩ የሚጣፍጥ ሰው ማለት ነው» የሚሉ አሉ። ለስብከት ያምራል፣ ለሥርወ ቃል ግን አይሆንም። የግእዙ ጼው በአማርኛ ጨው እንደ ሆነ ሁሉ ፄዋም ጨዋ ሆነ፤ ድምፃቸው ስለ ተገናኘ ሥራቸው አንድ አይሆንም። በብራና ላይ ፀሐዩ ፀና ጸሎቱ ጸ ስለሚቀያየሩ በፊደል አልከራከርም። ግሡ ግን ይፈርዳል፦ ፄወወ ማለት ማረከ እንጂ ጨው ጨመረ አይደለም።

እኔን የሚከነክነኝ ሌላ ነው። ዛሬ «ጨዋ ልጅ» የሚባለው ድምፁ የማይሰማ፣ አንገቱን የደፋ ልጅ ነው። የሚናገረው የሌለው ሰው ዝም ቢል ዝምተኛ ነው እንጂ ጨዋ አይደለም። ጨዋ የምለው ማዋረድ እየቻለ የሚተወውን ነው። የቃሉ ታሪክ ይደግፈኛል ብል ግን እዋሻለሁ፤ ታሪኩ ስለ ዘር እንጂ ስለ ጠባይ አይናገርም። ሕዝቡም ጸጥተኛውን ልጅ ጨዋ ማለት ከጀመረ ቆይቷል፤ ባልወደውም መዝገበ ቃላት ሊይዘው ይገባል።

«ክቡር» ዛሬ ከሹመት ጋር ተጣብቋል፤ ክቡር ሚኒስትር፣ ክቡር አምባሳደር እንላለን። አባትዎን በዚያ ቢጠሯቸው አንባቢው ሹመታቸውን ይፈልጋል።

ስለዚህ «ጨዋ ሰው ነበሩ» የሚለውን አይሰርዙት። አጎትዎ ቅር እንዳይላቸው ከሥሩ የእድሩን ቀን ይጻፉ። የተበዳሪውን ስም ግን አይጥቀሱ።