ቀለም ቀቢውን አትለፉት

ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ማራኪ ግቢ ሕግ የምትማሩ ልጆች ፒያሳ ቡና ስንጠጣ አንድ ነገር ትሉኛላችሁ። «ጋሼ፣ ‹ወንጀልና ቅጣት›ን ጀምረን ተውነው። ገዳዩ ገና ከጅምሩ ይታወቃል፤ ምኑ ልብ ያንጠለጥላል?»

እውነታችሁን ነው። ዶስቶየቭስኪ እ.ኤ.አ. በ1866 ያወጣው ይህ ልቦለድ ስድስት ክፍል አለው፤ ግድያው በአንደኛው ያበቃል። ራስኮልኒኮቭ እንደ እናንተው ሕግ ይማር የነበረ፣ ገንዘብ ቸግሮት ያቋረጠ ወጣት ነው። በመያዣ የምታበድር አሮጊት በመጥረቢያ ይገድላል፤ ድንገት የደረሰችበትን እህቷንም አይምራትም።

እኔ ጎንደር ችሎት በጥብቅና ያረጀሁ ሰው ነኝ፤ የሚይዘኝ ዝርዝሩ ነው። ልጁ መጥረቢያውን ለመደበቅ ከካፖርቱ ውስጥ፣ ብብቱ ሥር ማንጠልጠያ ይሰፋል። ከቤቱ እስከ አሮጊቷ ቤት 730 እርምጃ እንደሆነ ቆጥሯል። ይህን ያህል የተጠነቀቀ ሰው የዘረፈውን ቦርሳ ከፍቶ እንኳ ሳያይ ድንጋይ ሥር ይደብቀዋል! ከግድያው በማግስቱ ፖሊስ ይጠራዋል፤ የጠራው ግን ላከራዩ ባለበት ዕዳ ነው። እዚያ ስለ ግድያው ሲወራ ሰምቶ ተዝለፍልፎ ይወድቃል።

እኛ አገር «ደም ይፋረዳል» ብለን እንዘጋዋለን። ቆይ እንጂ! ከገጠር መጥቶ ለመጀመሪያ ጊዜ ፖሊስ ጣቢያ የገባ ገበሬም ይንቀጠቀጣል። አፉ ይደርቃል፤ ቃሉ ይምታታል። ንጹሕ ሆኖ ማለቴ ነው።

ለዚህ ነው ሚኮልካ የሚባለውን ቀለም ቀቢ አትለፉት የምላችሁ። ራስኮልኒኮቭ ሲያመልጥ የጣለውን የጆሮ ጌጥ ያገኛል። መሸታ ቤት ወስዶ በአንድ ሩብል ያስይዘዋል። ስለ ግድያው ሲሰማ ይደነግጣል፤ ራሱን ሊሰቅል ሲል ይደርሱበታል። በኋላም መርማሪው ፊት ቀርቦ «እኔ ነኝ የገደልኩ» ይላል። ጌጡ እጁ ላይ ነበር፤ ሊሞት ሞክሯል፤ አምኗል። ስንቱ መርማሪ እዚህ ላይ መዝገቡን ይዘጋው ነበር!

ሕገ መንግሥታችን በአንቀጽ 19 ንዑስ አንቀጽ 5 ተገድዶ የተሰጠ ቃል ተቀባይነት የለውም ይላል። ሚኮልካን ግን ማንም በዱላ አላስገደደውም። በሃይማኖቱ መከራ መቀበል ፈልጎ፣ በገዛ ፈቃዱ ነው ያልሠራውን የተሸከመው። መርማሪው ፖርፊሪ የሰውየውን አስተዳደግ አጣርቷል። ሲጠይቀው ደግሞ አንዳንዱን ጥያቄ አሳምሮ ይመልሳል፤ ሌላው ላይ ግን ምንም አያውቅም። ነገሩ የገባው እዚያ ላይ ነው። እናንተም ነገ መዝገብ ሲሰጣችሁ «አምኗል» የሚለውን ገጽ መጨረሻ ላይ አንብቡት።

በተረፈ የሩሲያ ስም ያደናግራችኋል። ሮድዮንም፣ ሮድያም፣ ራስኮልኒኮቭም አንድ ሰው ነው፤ ወረቀት ላይ ጻፉት። የ8 ዓመት የሳይቤሪያ ቅጣቱን የሚተርከው መደምደሚያ ለእኔ ትንሽ ተቻኩሏል። የማትስማሙ ካላችሁ ለሙግት ዝግጁ ነኝ።