ርቦት አልነበረም

ይድረስ ለአምዱ አዘጋጅ፣

ትዕግሥቴ ቢያልቅ ነው የምጽፍልዎ። ባለቤቴ የሒሳብ ባለሙያ ነው፤ ጠባዩ የተመሰገነ፣ ለልጆቹ የሚሞት ሰው። ግን አዋረደኝ። ባለፈው ጥር ለታናሽ እህቴ ሽማግሌ ሲላክ፣ አባታችን በሕይወት ስለሌለ እንግዶቹን ተቀብሎ የሚያናግረው እሱ ነበር። አረቄ አረቄ እየሸተተ ገባ። የእናቴ ፊት እስከ ዛሬ ከዓይኔ አልጠፋም። ሰው እንዴት ጠጥቶ ሽማግሌ ፊት ይቀመጣል? ለቅሶ ቤትም የሚሄደው ሁለት መለኪያ ደፍቶ ነው፤ የእድር ስብሰባ ሲኖርም እንደዚያው። የክፍል ኃላፊ ከሆነ ወዲህ ደግሞ ሰኞ ጠዋት ሪፖርት ከማቅረቡ በፊት ጀመረ፤ አሁንማ የማይጠጣበት ቀን የለም። ጓደኛ አበላሸው እንዳልል ከማንም ጋር አይጠጣም፤ ጓዳ ገብቶ ቆሞ ነው የሚጨልጠው። ስንጋባ ጠጪ አልነበረም፤ ሰው ፊት ሲናገር ግን ያኔም ላብ ያጠምቀው ነበር።

ለፍልሰታ እተዋለሁ ብሎ ማለ። በሁለተኛው ቀን ወድቆ ተንፈራገጠ፤ ጾም ስለሆነ ርቦት ነው ብለን አለፍነው። ከዚያ መልሶ ጀመረ። አሁን ወንድሞቹ ቅዳሜ መጥተው፣ እምቢ ካለም አስረው፣ ጠበል ሊያስገቡት ወስነዋል። እስከዚያ ቤት ያለውን ጠርሙስ ሁሉ እንድደፋ ነግረውኛል። ልድፋው?

ግራ የገባኝ፣ ከአዲስ አበባ

እህቴ፣ አትድፊው። ቅዳሜም ማንም አስሮ እንዳይወስደው።

ስለ ሽማግሌዎቹ ብዙ ጻፍሽልኝ፣ ስለ ፍልሰታው ሁለት መስመር። እኔን እንቅልፍ የነሳኝ ግን ያ ነው። ርቦት አልነበረም። በየቀኑ ሲጠጣ የኖረ ሰው ድንገት ሲያቆም እንዲህ ሊጥለው ይችላል፤ አብዛኛውን ጊዜ በመጀመሪያዎቹ 48 ሰዓታት ውስጥ። አልኮል አንጎልን በየዕለቱ ሲያደነዝዘው፣ አንጎልም ለመቋቋም ራሱን ማንቃት ይለምዳል። መጠጡ በድንገት ሲቀር ያ መነቃቃት ልጓም ያጣል። ከ2ኛው እስከ 4ኛው ቀን ድረስ መቃዠትና የሌለ ነገር ማየት ሊከተል ይችላል፤ ይህ ደግሞ ሰውን ሊገድል ይችላል። አንዴ የወደቀ ደግሞ ዳግም ለመውደቅ ይበልጥ የተጋለጠ ነው።

በዚህ ሳምንት ሐኪም ይየው። አማኑኤል የአእምሮ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል አለልሽ። አብረሽው ግቢና መውደቁን አንቺ ተናገሪ፤ እሱ ያፍራል። ሐኪሙ እንደ ዲያዜፓም ያለ መድኃኒት ለጥቂት ቀናት መጠኑን እየቀነሰ፣ ከቫይታሚን ቢ1 ጋር ሊሰጠው ይችላል። ከፋርማሲ ገዝተሽ ራስሽ እንዳትሰጪው፤ ከአረቄ ጋር ሲገናኝ ትንፋሽ ሊያቆም ይችላል። እስከዚያ ድንገት እንዲያቆም አታስገድዱት፤ ከወደቀ ወይም ከቃዠ ሌሊትም ቢሆን ድንገተኛ ክፍል ውሰዱት። ጠበሉን አልከለከልኩም፤ እኔም አማኝ ነኝ። ከሐኪሙ በኋላ፣ መድኃኒቱን ሳያቋርጥ፣ በገዛ እግሩ ይሂድ።

አሁን የዘረዘርሽውን መልሰሽ አንብቢው። ለቅሶ፣ እድር፣ ሽማግሌ፣ የሰኞ ሪፖርት፤ ሁሉም ሰው የሚያየው ቦታ ነው። ጓዳ ቆሞ የሚጨልጥ ሰው ጨዋታ ፈልጎ አይደለም፤ ፈርቶ ነው። ማኅበራዊ ጭንቀት ይሉታል፤ ብዙ ጊዜ በልጅነት ወይም በጉርምስና ይጀምራል። አረቄው ፍርሃቱን ለሰዓት ያህል ያስተኛዋል፤ ሲበርድለት ግን ፍርሃቱ ብሶ ይነሳል፣ እሱን ለማስተኛት ደግሞ ሌላ መለኪያ።

አጎቴ ለቅሶ ቤት ቡና ሲሰጠው፣ ሲኒው ሲንቀጫቀጭ እንዳይሰማበት ጭኑ ላይ አስደግፎ በሁለት እጁ ይይዘው ነበር። አጠገቡ ተቀምጬ አይቻለሁ። አንድም ቀን ምን ሆንክ አላልኩትም። ሰካራም ብለን ቀበርነው።

የባልሽ ፍርሃት ይታከማል። ሱስ የማያስይዙ መድኃኒቶች አሉ፤ የሚፈራውን ቦታ ቀስ በቀስ የሚለማመድበት የንግግር ሕክምናም አለ። አረቄውን ብቻ ነጥቃችሁ ፍርሃቱን ከተዋችሁበት ግን ወደ ጓዳው ይመለሳል።

አዋረደኝ ያልሽው ቃል አስቆጥቶኛል። ያን ቀን እንቢ ብሎ መቅረት ይችል ነበር፤ የመጣው አንቺን ላለማዋረድ ነው። ለወንድሞቹ ዛሬውኑ ደውይላቸው። ማታ ልጆቹ ሲተኙ ስለ መጠጡ አንድም ቃል ሳታነሺ፣ ሰው ፊት ስትቀመጥ ምን ይሰማሃል ብለሽ ጠይቂውና ዝም ብለሽ ስሚው።