ጓደኛችሁ ድፍን ዓመት ሲሞላው፤ ከአገር ርቃችሁ ለምትኖሩ ወጣቶች

ውድ ልጆቼ፣

ከአገሩ ርቆ የሚኖር ሰው ልደቱን የሚያስታውስለት ብዙ የለውም። አገር ቤት እናት አለች፣ እህት አለች፣ አብሮ አደግ አለ። አንዱ ቢረሳ ሌላው ያስታውሳል። ውጭ ግን ጓደኛችሁ 30 ወይም 40 ሲደፍን አጠገቡ ያላችሁት እናንተ ናችሁ። እናንተ ዝም ካላችሁ ቀኑም ዝም ብሎ ያልፋል። ጠዋት ሥራ ይገባል፣ ማታ ይመለሳል፣ አለቀ።

ነርስ ነኝ። አብዛኛውን የሥራ ዘመኔን ያሳለፍኩት በሰው አገር ነው። ክፍላችን ውስጥ የሚሠራው ሰው ከየአገሩ የመጣ ስለነበር፣ ልደት ማክበር የእኛው የባልደረቦቹ ጉዳይ ነበር። ያማረም ያላማረም አይቻለሁ። ልዩነቱ ገንዘብ እንዳልሆነ እርግጠኛ ነኝ።

"ዕድሜ ቁጥር ነው" የሚሉ አሉ። ይበሉ። ሰው ድፍን ዓመት ሲቃረብ ግን ራሱን መመርመሩ አይቀርም። አዳም ኦልተር እና ሃል ኸርሽፊልድ የተባሉ ተመራማሪዎች በ2014 ባሳተሙት ጥናት፣ ዕድሜያቸው በ9 የሚያልቅ ሰዎች፣ ማለትም 29፣ 39፣ 49 ላይ ያሉት፣ ሕይወቴ ትርጉም አለው ወይ ብለው ከሌላው ጊዜ በላይ እንደሚጠይቁ አሳይተዋል። ለመጀመሪያ ጊዜ ማራቶን ከሚሮጡት መካከልም እነዚህ በዛ ብለው ተገኝተዋል። ውጭ ላለ ሰው ደግሞ ምርመራው ይጠነክራል። የመኖሪያ ወረቀቱስ? ትምህርቱስ? ቤተሰቡን መቼ ነው የሚያየው? ስለዚህ ልደቱ ሲደርስ አትሩጡ። ገና ወራት ሲቀሩት ጠይቁት። "40 ልትደፍን ነው፣ ምን ብናደርግ ደስ ይልሃል?" በቃ ይሄው ነው። "ምንም አልፈልግም" ካለ ከሁለት ሳምንት በኋላ ደግማችሁ ጠይቁ። ሁለተኛም እንቢ ካለ እመኑት።

ቀኑንም አጣሩ። የልደት ምዝገባ ካልነበረበት ቦታ የመጡ ብዙ ስደተኞች ሰነዳቸው ላይ ጃንዋሪ 1 ተብሎ ተጽፎላቸዋል። በስልካችሁ የሚመጣው ማስታወሻ ያንን ቀን ሊነግራችሁ ይችላል። እሱ ግን በልቡ የሚያከብረው ሌላ ቀን ሊሆን ይችላል፣ ወይም እናቱ "ዝናብ ሲጀምር ነው የተወለድከው" ያለችውን ወቅት። እሱ የመረጠውን ያዙ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። ከአገሩ የወጣ ሰው ሙሉ ታሪኩን የሚያውቅለት የለም። እዚህ ያሉት የሚያውቁት ከመጣ ወዲህ ያለውን ነው። ተማሪ ሳለ ክፍሉን በሳቅ ይገድል እንደነበር፣ ታናናሾቹን እንዳሳደገ የሚያውቅ አንድም ሰው አጠገቡ የለም። አገር ቤት ያሉት ደግሞ ከሄደ ወዲህ ያለውን አያውቁም። ሁለት ሥራ እየሠራ እንደተማረ፣ ታሞ ብቻውን እንደተኛ አልነገራቸውም፤ እንዳይጨነቁ ብሎ። 40 ዓመት ማክበር ግን 40ውንም ነው። የእናንተ ሥራ ሁለቱን ወገን ማገናኘት ነው። ፊኛው፣ አዳራሹ፣ ፎቶው ከዚያ በኋላ ይታሰብበታል። ባይኖርም ችግር የለውም።

እንዴት ካላችሁኝ፣ መጀመሪያ አገር ቤት ያለ አንድ ሰው ያስፈልጋችኋል። "ድንገት ብትታመም ለማን ልደውል?" ብላችሁ ጠይቁት። ይህን ቁጥር ለልደቱ ብቻ አይደለም መያዝ ያለባችሁ። ሆስፒታል ውስጥ ስሠራ ራሱን ስቶ የመጣን ሰው ዘመድ ፍለጋ ስንት ጊዜ ተቸግረናል፤ አብሮት የሚኖረው ልጅ እንኳ የእናቱን ስም አያውቅም። እሺ፣ ወደ ነገሬ ልመለስ።

ያገኛችሁትን ሰው የድምፅ መልእክት እንዲልክ ለምኑት፤ ከእናት፣ ከወንድም፣ ከድሮ መምህር፣ ከተገኘው ሁሉ። "እንኳን አደረሰህ" ብቻ እንዳይሆን አንድ ጥያቄ ስጧቸው። "ልጅ እያለ ያደረገውን አንድ ነገር ንገሩን" በሏቸው። ጽሑፍ አይበቃም ወይ ትሉኝ ይሆናል። አሚት ኩማር እና ኒኮላስ ኤፕሊ በ2021 ባወጡት ጥናት፣ ሰዎች በድምፅ ማውራት ያሳፍረናል ብለው ጽሑፍን ይመርጣሉ። ሲሞክሩት ግን እፍረቱ አልጨመረም፣ መቀራረቡ ግን ከጽሑፉ በልጧል። እኔም ያየሁት ይህንኑ ነው። 50 ዓመት የሞላት አንዲት ባልደረባ ነበረችን፤ ዝምተኛ፣ ሥራዋን ብቻ የምትሠራ። ወንድሟ ከሩቅ በላከው ድምፅ፣ በልጅነቷ የሰፈሩን ልጆች ሰብስባ ቲያትር ታሠራ እንደነበር፣ መሪ ተዋናይዋም ራሷ እንደነበረች ነገረን። ጉድ አልን! ከዚያ ቀን በኋላ ስብሰባ ላይ ሐሳቧን የሚጠይቃት ሰው በዛ።

ብዙ ሰው የሚረሳው መልሱን ነው። በዓሉ ላይ ስለ እሱ የምትናገሩትንም በድምፅ ቀድታችሁ ለእናቱ ላኩላት። "ልጅዎ እዚህ ምን ዓይነት ሰው መሰለዎት" ብላችሁ ንገሯት። ጎረቤቱ ያውራ፣ አለቃው ያውራ። ቋንቋ ካልተግባቡ አንዳችሁ ተርጉሙ። እሱ ራሱን አያወራም፤ እናንተ አውሩለት። ምስጢሩን ግን አታውጡ፣ ችግሩን መናገር የእሱ ፈንታ ነው።

ሃያ ሰው ባለበት የቀጥታ ቪዲዮ ጥሪ ላይ እጄ የለበትም። ግማሹ ሰዓት "ይሰማል? ይሰማል?" ሲባባሉ ያልቃል። የተቀዳውን በጋራ ስሙ፣ የቀጥታውን ጥሪ ለእናቱ ብቻ አድርጉት። ለብቻው ክፍል ውስጥ ያውራ። ማልቀስም ካማረው ያልቅስ። ሰዓቱን ስትቀጥሩ ደግሞ በማርች ተጠንቀቁ። አብዛኛው አሜሪካ ሰዓቱን የሚቀይረው በወሩ ሁለተኛ እሑድ ነው፣ አውሮፓ ደግሞ በመጨረሻው እሑድ። በመሃል ባሉት ሁለት ሦስት ሳምንታት የለመዳችሁት የሰዓት ልዩነት በአንድ ሰዓት ይዛባል። ብዙ አገሮች ደግሞ ከነጭራሹ አይቀይሩም። እናት ስልክ ይዛ አንድ ሰዓት ሙሉ ስትጠብቅ ማየት ደስ አይልም።

ሰርፕራይዝ አልወድም። ወጣቶች ትወዱታላችሁ፣ አውቃለሁ። ግን ያ ሰው ከምን ዓይነት ሌሊት ሥራ እንደወጣ፣ ጠዋት ከቤት ምን ወሬ እንደሰማ አታውቁም። መልእክቶቹ ድንገት ይሁኑበት፤ ድግሱን ግን ይወቀው።

ስለ ገንዘብ አጭር ነኝ። መዋጮ ካለ ማን ስንት እንዳዋጣ ግሩፕ ላይ አይለጠፍ። ቦታ ስትመርጡ በቅርብ የመጣውንና ሥራ ያላገኘውን ልጅ አስቡ። ስጦታ ከቸገራችሁ ሺፍቱን ሸፍኑለት። በእኛ ሙያ ከዚህ የሚበልጥ ስጦታ አላየሁም፤ በማግስቱ ተኝቶ ያረፍዳል።

ንግግር የምታደርጉ ካላችሁ "መቼ ነው የምታገባው"፣ "ወረቀትህ እንዴት ሆነ"፣ "አገር ቤት መቼ ትገባለህ" የሚሉትን ተዉ። ቀልድ መስሏችሁ ትወጉታላችሁ። ፎቶም ሳታስፈቅዱ አትለጥፉ። ያለበትን አገርና ከተማ ማሳወቅ የማይፈልግ ሰው አለ፣ ምክንያቱን ማወቅም አይጠበቅባችሁም።

"እንዲህ የሚቀርበኝ ጓደኛ ገና የለኝም" የምትሉም ትኖራላችሁ። የካንሳስ ዩኒቨርሲቲው ጄፍሪ ሆል በ2018 ባወጣው ጥናት፣ የቅርብ ጓደኛ ለመሆን አብረው የሚያሳልፉት ጊዜ ከ200 ሰዓት በላይ እንደሚሆን ገምቷል። ሥራ ላይ አብሮ መዋል ግን ያን ያህል አያቀራርብም። ስለዚህ ጎናችሁ የሚሠራው ልጅ ድፍን ዓመት እየመጣበት ከሆነ፣ ገና ባትቀራረቡም ጋብዙት። ከሥራ ውጭ አብሮ ለመቀመጥ ከዚህ የተሻለ ሰበብ አይገኝም።

ጓደኛችሁ ሌላ ከተማ ወይም ሌላ አገር ከሆነ በቀኑ ደውሉ፣ መሄዱን ለሌላ ጊዜ አቆዩት። በልደቱ ዕለት ስልኩ አያርፍም፤ ጭር የሚለው የሚቀጥለው ሳምንት ነው። ያኔ ሂዱ። ዕቃ የምትልኩ ከሆነ ቀድማችሁ ላኩ፣ ባትሪ ያለበትን ደግሞ ፖስታ ቤቱን ሳትጠይቁ አታሽጉ፤ በአየር ሲላክ ገደብ አለበት።

የድምፅ መልእክቶቹን በቴሌግራም ወይም በዋትስአፕ ልካችሁለት ብቻ እንዳትቀሩ። ስልክ ይጠፋል፣ ይሰበራል፣ ቁጥር ይቀየራል። እያንዳንዱን ፋይል በተናጋሪው ስም ሰይማችሁ ሁለት ቦታ አስቀምጡ። አንዱ ቅጂ እሱ ጋ ይሁን፣ ሌላው እናንተ ጋ።