ዘመድ ሳልሆን ማዘን አይገባኝም?

ጥያቄ፦ መምህር፣ እንደምን አሉ? 26 ዓመቴ ነው። ጎረቤታችን የነበሩ የ81 ዓመት እናት የልብ ጓደኛዬ ነበሩ። ቅዳሴ አብረን እንሄዳለን፣ ቡና አብረን እንጠጣለን፣ ለእናቴ የማልነግረውን ሁሉ ለሳቸው ነበር የምነግረው። ከሦስት ሳምንት በፊት አረፉ። ሰዉ «ዕድሜ ጠግበው ነው የሞቱት፣ ደግሞስ ዘመድሽ አይደሉ፣ ምን እንዲህ ያስለቅስሻል?» ይለኛል። ማልቀሴ ኃጢአት ነው? ጸሎት ማስደረግስ ይፈቀድልኛል?

መልስ፦ እህቴ፣ እግዚአብሔር ያጽናሽ፤ የሳቸውንም ነፍስ ይማር።

«ዕድሜ ጠግበው ነው» የሚለው ነገር ሰው ለማጽናናት ብሎ የሚናገረው ነው፤ ግን ያማል። ያዕቆብ ያረፈው በ147 ዓመቱ ነው። ዮሴፍ ታዲያ «ጠግቦ ነው» ብሎ ዝም አላለም። በአባቱ ፊት ላይ ወድቆ አለቀሰ፣ ሳመውም፤ ግብፃውያን እንኳ 70 ቀን አለቀሱለት (ዘፍ. 50፥1-3)። ረጅም ዕድሜ ለሳቸው በረከት ነው። አንቺ ግን ጓደኛ አጥተሻል።

ዘመድ አይደለሽም ለሚሉሽም ኤልሳዕን አስቢ። ወላጅ አባቱ ሣፋጥ ነው፤ መምህሩ ኤልያስ ሲወሰድበት ግን «አባቴ አባቴ ሆይ» ብሎ ጮኸ፣ ልብሱንም ቀደደ (2ነገ. 2፥12)። ሩትም ባሏ ከሞተ በኋላ እንደ ሌላዋ ምራት እንደ ዖርፋ ወደ ወገኖቿ መመለስ ስትችል አሮጊት አማቷን ኑኃሚንን አልለይም ብላ አብራት ቤተልሔም ገባች። የእናንተ ዓይነት ወዳጅነት በመጽሐፍ ቅዱስ እንግዳ አይደለም፤ በሐዘኑ ቤት ከልጆቻቸው ጎን ብትቀመጪ የሚያሳፍር ነገር የለውም።

ማልቀስ ኃጢአት አይደለም። ጌታችን አልዓዛርን ጥቂት ቆይቶ እንደሚያስነሣው እያወቀ እንባውን አፈሰሰ (ዮሐ. 11፥35)። ቅዱስ ጳውሎስም አትዘኑ አላለም፤ ተስፋ እንደሌላቸው ሰዎች እንዳናዝን ነው የነገረን (1ተሰ. 4፥13)። የተከለከለው ፊት መንጨትና ራስን መጉዳት ነው። ምግብና እንቅልፍ እስኪጠፋሽ ከደረሰ ግን ብቻሽን አትቸገሪ። ለንስሐ አባትሽ ንገሪ፤ ሐኪም ማየትም ከእምነት ማነስ አይቆጠርም።

ወደ ጸሎቱ ስንመጣ፣ አዎ ትችያለሽ! ፍትሐቱ፣ ማለትም ለሞተ ሰው የሚደረገው ጸሎት፣ በቀብራቸው ዕለት ተደርጓል፤ ቤተ ክርስቲያን ግን ከዚያም በኋላ በ3፣ በ7፣ በ12፣ በ30፣ በ40፣ በ80 ቀን፣ በመንፈቅና በዓመት ታስባቸዋለች። ሦስት ሳምንት ካለፈ 30ውና 40ው ገና ናቸው። ስመ ክርስትናቸውን ከልጆቻቸው ጠይቂና ለካህኑ ስጪ፤ ያለ እሱ በቅዳሴ ስማቸውን ማንሣት ይቸግራል። ጧፍ፣ ዕጣን ወይም ዘቢብ ይዘሽ ብትሄጂ መልካም ነው። አቅምሽ ከፈቀደ በስማቸው ለነዳያን ትንሽ ነገር አብዪ። ተበድረሽ ግን ድግስ አትደግሺ፣ ይህን አጥብቄ ነው የምነግርሽ፤ ለነፍሳቸው የሚጠቅመው ጸሎቱና ምጽዋቱ ነው። ልጆቻቸው 40ውን የሚያወጡ ከሆነ ደግሞ ለብቻሽ ከማዘጋጀት ቀድመሽ ደውዪላቸውና በምን ላግዝ በያቸው፤ እናታቸውን እንዲህ የምትወድ ሰው መኖሯን ሲያውቁ እነሱም ይጽናናሉ።