እሳት ፈላጊዎቹ በምን ዓይነት አማርኛ ይናገሩ?

ጥያቄ፦ የፊልም ተማሪዎች ነን። ለመመረቂያ ሥራችን አጭር ፊልም እየጻፍን ነው። መነሻችን የሮኒ «ላ ጌር ዱ ፉ» የተባለው የፈረንሳይኛ ልብ ወለድ ነው፤ እሳታቸው ስለጠፋባቸው የድንጋይ ዘመን ሰዎች የሚተርክ። እ.ኤ.አ. በ1981 ፊልም ሆኗል። እኛ ገጸ ባሕርያቱ አማርኛ እንዲናገሩ ፈልገናል፤ ግን በአነጋገራቸው መስማማት አቃተን። አንዱ ጓደኛችን «እኔ እሳት መፈለግ፤ አንተ መምጣት» እያሉ ይናገሩ ይላል። ሌላዋ ደግሞ የጥንት ሰዎች ስለሆኑ ግእዝ ግእዝ የሚል አማርኛ ይሁን ትላለች። «እነሆ እሳታችን ከስሟልና ለፍለጋ እንነሣ» ብላ ጽፋለች። የቱ ነው ትክክል? ደግሞስ የሚባለው «ጥንታዊ ሰው» ነው ወይስ «የመጀመሪያ ሰው»? «ልብ ወለዱ ወደ ፊልም ተላመደ» ቢባልስ ያስኬዳል? ረቂቃችንንና የፊልሙን መግለጫ አያይዘናል።

መልስ፦ ሁለቱም አነጋገሮች አያስኬዱም። አማርኛ ለእነዚህ ሰዎች የሚሆን የራሱ አነጋገር አለው፤ ከሁለቱም የተሻለ ነው። ወደ እሱ ከመግባታችን በፊት ግን መጽሐፉና ፊልሙ ይህን ችግር እንዴት እንደተወጡት እንይ።

ሮኒ እ.ኤ.አ. በ1911 በመጽሐፍ ባወጣው ታሪክ ውስጥ ሰዎቹ ይናገራሉ። ጀግናው ናኦ «የነብር ልጅ» ይባላል። የሚናገረውም ሙሉ፣ እንዲያውም ከፍ ያለ ፈረንሳይኛ ነው። የፊልሙ ዳይሬክተር ዣን ዣክ አኖ ይህን ሁሉ ተወው። ደራሲው አንቶኒ በርጀስ አዲስ ቋንቋ እንዲፈጥርለት ጠየቀ። የእንስሳት ጠባይ አጥኚው ዴዝሞንድ ሞሪስ ደግሞ የእጅና የአካል ምልክቶቹን አበጀለት። ፊልሙ ያለ ግርጌ ጽሑፍ ታየ። ተመልካቹ ነገሩን ከሁኔታው እየገመተ ይከተላል።

በርጀስ ቃላቱን የወሰደው ከሕንድ-አውሮፓ ቋንቋዎች ሥር ነው። እሳት «አትራ» ነው። አጋዘን «ቲርዶንድር» ነው፤ «አውሬ» እና «ዛፍ» የሚሉ ሁለት ቃላት ተጋጥመው። ቀንዱ ቅርንጫፍ ይመስላላ! ልብ በሉ፤ በርጀስ የራሱን እንግሊዝኛ አልሰባበረም። የራሱ ሥርዓት ያለው ቋንቋ ነው የሠራው። ለእናንተም የሚጠቅማችሁ ይህ ነው።

«እኔ እሳት መፈለግ» የማን አነጋገር ነው? አማርኛ ገና በመማር ላይ ያለ የውጭ አገር ሰው አነጋገር ነው። ተመልካቹ ሲሰማው የሚታየው የዋሻ ሰው ሳይሆን እንግዳ ነው። ነገሩ የመጣው ከእንግሊዝኛ ፊልሞች ይመስለኛል። እዚያ ተውላጠ ስሙና ግሱ ለየብቻ የቆሙ ቃላት ናቸው። አንዱን ስትጥለው ሌላው ይቀራል፤ አነጋገሩም የጎደለ ይመስላል። በአማርኛ ግን ሰውየው ግሱ ውስጥ ነው ያለው። «ራበኝ» አንድ ቃል ነው፤ ሙሉ ዓረፍተ ነገርም ነው። ማን እንደራበው ነግሮናል። «በረደኝ»፣ «ፈራሁ»፣ «መጡ» ስንልም እንዲሁ ነው። አፍ የፈታ ሕፃን እንኳ «እኔ መብላት» ብሎ አያውቅም። «ስጪኝ»፣ «እምቢ»፣ «የለም» ነው የሚለው። ደግሞ ተመልከቱ፤ «መፈለግ» ከ«ፈልግ» ይረዝማል። ጓደኛችሁ አነጋገሩን ቀለል አደርጋለሁ ብሎ «መ» ጨመረበት።

የሌላዋ ጓደኛችሁ ሐሳብ ከቅንነት የመጣ ነው። ለእነዚህ ሰዎች ክብር ልትሰጣቸው ፈልጋለች፤ በዚህ አብሬያት እቆማለሁ። ነገር ግን «እነሆ» እና «ከስሟልና» ስንሰማ ጆሯችን የሚሄደው ወደ ቤተ ክህነትና ወደ ዜና መዋዕል ነው። ንጉሥ፣ ጸሐፊና ብራና አብረው ይመጣሉ። የንጉሥ ኢዛና የድንጋይ ጽሑፎች የአራተኛው ክፍለ ዘመን ናቸው። ከእኛ የሚርቁት 1,700 ዓመት ገደማ ነው። የፊልሙ ታሪክ የሚፈጸመው ከ80,000 ዓመታት በፊት ነው። በዚያ ርቀት ላይ ሲታይ ግእዝ የትናንት ልጅ ነው።

ታዲያ ምን እናድርግ? ትእዛዝ እንጠቀም። በአማርኛ ከግስ ሁሉ አጭሩ ለቅርብ ሰው የሚሰጥ ትእዛዝ ነው። «ና» አንድ ፊደል ነው። «ሂድ»፣ «ያዝ»፣ «ጣል»፣ «ሽሽ»፣ «እንካ»። በእነዚህ ብቻ አንድ ሙሉ የአደን ትዕይንት መጻፍ ይቻላል፤ አንዱም ቃል የተሰበረ አይሆንም።

ቀጥሎ ያለው ሀብት ደግሞ እኔ በጣም የምወደው ነው። እነ «ብልጭ»፣ «ቦግ»፣ «ድርግም» ማለቴ ነው። ብዙውን ጊዜ «አለ» ይከተላቸዋል። እሳትን ከልደቱ እስከ ሞቱ በእነሱ ብቻ መተረክ ይቻላል። ብልጭ ይላል። ጭል ጭል ይላል። ቦግ ይላል። ድርግም ይላል። በጨዋታ መሃል «አለ»ን ትተን «ቦግ!» ብቻ የምንልበት ጊዜ አለ፤ ማንም ስህተት ነው አይለንም። በድምፅና በትርጉም መካከል የቆሙ ቃላት ናቸው። ቋንቋ ገና ከምልክትና ከድምፅ ጋር ተያይዞ የሚኖርበትን ዓለም ለማሳየት ከዚህ የተሻለ መሣሪያ አላውቅም። ሞሪስ በእጅ ምልክት ያደረገውን እናንተ በእነዚህ ልታደርጉት ትችላላችሁ። ተዋናዩ «ድርግም» እያለ መዳፉን ቢዘጋ ሌላ ማብራሪያ አያስፈልግም።

አራዊቱን ለመሰየም ደግሞ የበርጀስን መንገድ በአማርኛ ሂዱበት። «ሆዳም» ስንል መጨረሻው ላይ የምንጨምረውን «-ኣም» ውሰዱ። ማሞዝን፣ ያን ጸጉር የለበሰ የድሮ ዘመን ዝሆን፣ ገጸ ባሕርያቱ «ማሞዝ» ሊሉት አይችሉም። «ጸጉራሙ» ይበሉት። ጥርሰ ረጅሙ ድመት መሰል አውሬ «ጥርሳሙ» ይሁን። «ጸጉራሙ መጣ!» ቢሉ ተመልካቹ ወዲያው ይገባዋል። ቃሉ አዲስ ነው፤ አሠራሩ ግን የማንም አማርኛ ተናጋሪ ነው።

አሁን ወደ እሳቱ ልምጣ፤ ታሪኩ የእሱ ነውና። ጎሣው እሳት መጠበቅ ይችላል፤ ማውጣት ግን አይችልም። የልብ ወለዱም የፊልሙም ውጥረት ያለው እዚህ ላይ ነው። አማርኛ ይህን ልዩነት አጥርቶ ያውቀዋል። እሳት ይጫራል። በገጠር ጎረቤት ገል ይዞ መጥቶ ፍም የሚወስደው እሳት ሊጭር ነው። እሳት ይዳፈናል፤ ረመጡ አመድ ለብሶ እንዲያድር። ይቆሰቆሳል። ይህን ሁሉ የናኦ ሰዎች ያውቃሉ። የማያውቁት እንጨት ከእንጨት አፋትጎ እሳት ማውጣትን ነው። በፊልሙ ይህን የምታሳያቸው ኢካ የምትባል የሌላ ጎሣ ሴት ናት፤ በልብ ወለዱ ውስጥ የለችም። የላካችሁልኝ ገጽ ላይ «ኢካ እሳት ሠራች» ይላል። «እሳት አወጣች» በሉት። እሳት በአማርኛ ይወጣል፣ ይነድዳል፣ ይያያዛል እንጂ አይሠራም።

ሌላ የማቀርብላችሁ ሐሳብ አለ። በአማርኛ እሳት ብዙውን ጊዜ በወንድ አንቀጽ ይነገራል፤ «እሳቱ ጠፋ» እንላለን። ነገር ግን የምንወደውን፣ የምንሳሳለትን ነገር በሴት አንቀጽ መጥራት የተለመደ ነው። እሳት ጠባቂው ሽማግሌ ብቻ እሳቷን «እሷ» ይበላት። «ራባት፤ አብሏት» ይበል፤ ጭራሮ ጨምሩ ለማለት። ወጣቶቹ «ጠፋ!» ሲሉ እሱ «ጠፋች» ይበል። ሰውየው እሳቷን እንደ ልጁ እንደሚያያት ያለ አንድ ቅጽል ይታወቃል። ይህን በፈረንሳይኛው ታደርጉት ዘንድ አትችሉም ነበር፤ እዚያ የእሳት ጾታ አንዴ ተወስኗል። ደግሞም «ጠፋ» የሚለው ቃል ራሱ ለዚህ ታሪክ የተፈጠረ ይመስላል። የከሰመውም እሳት «ጠፋ» ነው፣ የት እንደገባ ያልታወቀውም ነገር «ጠፋ» ነው። በመጀመሪያው ትዕይንት «ጠፋች!» ከተባለ ፍለጋው ያኔውኑ ተጀምሯል።

«አለቃውን አንቱ እንበለው ወይ?» የሚል ጥያቄም በገጹ ኅዳግ ላይ ጽፋችኋል። አትበሉት። አክብሮት በ«አንቱ» ብቻ አይገለጽም። ግእዝ የአክብሮት ተውላጠ ስም የለውም፤ ንጉሡም «አንተ» ነው። በአማርኛም «አባታችን ሆይ በሰማያት የምትኖር» ብለን ስንጸልይ በ«አንተ» ነው። ለአለቃው «አባት» የሚለው መጠሪያ ይበቃዋል። ከዚያ በላይ ያለውን ተዋናዩ ዓይኑን ዝቅ በማድረግ ያሳየው።

ከአፋቸው የምታወጡላቸውን ቃላት ግን በጥንቃቄ ለዩ። አማርኛ የገበሬ ቋንቋ ነው፤ ፈሊጡ ውስጥ ማረሻ፣ አዝመራ፣ በቅሎና ልጓም ተሰግስገዋል። እነዚህ ሰዎች አላረሱም፤ ከብት አላረቡም፤ ብረት አላዩም። «እንጀራዬን ቀማኝ» ማለት አይችሉም። የአካል ፈሊጥ ግን እንደ ልባችሁ ተጠቀሙ። ሆድ፣ አንጀት፣ ዓይን፣ ጉልበት ነበራቸው። «ሆዴ ባባ»፣ «ጉልበቴ ከዳኝ»፣ «አንጀቴ ራሰ» ለማለት እርሻ አያስፈልግም።

ስያሜውን በአጭሩ ልመልስ። «የመጀመሪያው ሰው» ካላችሁ አንባቢው አዳምን ነው የሚያስበው። «ጥንታዊ» አክሱምን ያስታውሳል። «የጥንት ሰዎች» ደግሞ አያቶቻችንም ናቸው፤ «የጥንት ሰዎች ሲተርቱ» እንል የለ? ለትረካው «ቀደምት ሰዎች» በሉ። «ምድረ ቀደምት» የሚለው የቱሪዝም መለያ ቃሉን በዚህ ትርጉሙ አለማምዶናል። ቀደምት በግእዝ ብዙ ቁጥር ስለሆነ «ቀደምቶች» ባትሉ እመርጣለሁ። ለዘመኑ «ቅድመ ታሪክ» ጥሩ ነው፤ «ቅድመ ታሪካዊ ልብ ወለድ» ግን ያደናግራል፤ «ስለ ቅድመ ታሪክ ዘመን የተጻፈ ልብ ወለድ» ይሻላል። ፖስተር ላይ «የድንጋይ ዘመን» ከሁሉም በላይ ይናገራል።

በመግለጫችሁ «የሉሲ ዘመን ሰዎች» ያላችሁትን ሰርዙት። ድንቅነሽ በ1967 ዓ.ም. ኅዳር ላይ ሐዳር የተገኘች ናት፤ ዕድሜዋ 3.2 ሚሊዮን ዓመት ነው። ከናኦ ሰዎች ጋር አትገናኝም። የአገራችንን ስም ማንሣት ከፈለጋችሁ አፋር ውስጥ ሄርቶ ላይ የተገኙትን የኢዳልቱን ሰዎች አንሡ። 160,000 ዓመት ገደማ ናቸው። «ኢዳልቱ» በአፋርኛ «ታላቅ፣ ሽማግሌ» ማለት ነው። የናኦ ጎሣ አውሮፓ ውስጥ እሳት ፍለጋ ከመውጣቱ በብዙ ሺህ ዓመታት ቀድመው፣ እኛን የሚመስሉ ሰዎች እዚህ ነበሩ።

«ተላመደ» የሚለውን ተዉት። ቴክኖሎጂ ይላመዳል፣ የውጭ የእህል ዝርያ ይላመዳል፣ ሁለት ሰዎች ይላመዳሉ። ልብ ወለድ «ፊልም ይሆናል»፣ «ወደ ፊልም ይቀየራል»። «ውርስ ትርጉም» የሚለውም፣ የሌላውን ሥራ ለራስ አንባቢ እንዲስማማ አድርጎ መመለስ ማለት ነው፣ ለመጽሐፍ እንጂ ለፊልም አልተለመደም። «ለፊልም ያዘጋጀው» ስትሉም ተጠንቀቁ፤ በቲያትር ቤት ልማድ «አዘጋጅ» ዳይሬክተሩ ነው። ልብ ወለዱን ወደ ስክሪፕት የቀየረው ዤራር ብራሽ ነው፣ ዳይሬክተሩ አኖ። «አዘጋጀው» ካላችሁ ሁለቱ ይምታታሉ።

የላካችሁልኝን የመጀመሪያ ትዕይንት እኔ ብሆን እንዲህ እጽፈዋለሁ። ረግረጉ ውስጥ ናቸው። እሳት የያዘው መያዣ ውሃ ነክቶታል።

ወጣቱ፦ ጠፋ!
ሽማግሌው፦ ጠፋች።
ሴቲቱ፦ በረደኝ።
ወጣቱ፦ ጥርሳሙ ይመጣል።
አለቃው፦ ናኦ፣ ሂድ።
ናኦ፦ የት?
አለቃው፦ ፈልጋት።

አለቃው «ፈልጋት» ሲል የሽማግሌውን አንቀጽ እንደወሰደ ልብ በሉ። ተዋናዩ ይህን ማወቅ አለበት፤ ልምምድ ላይ «ፈልገው» ብሎ እንዳይቀይርባችሁ ስክሪፕቱ ላይ አስምሩበት። በእናንተ ረቂቅ ከዚህ በኋላ ናኦ ስለ ጉዞው የሚናገራቸው አራት መስመሮች አሉ። እነሱን አውጧቸው። ጦሩን አንሥቶ ቢሄድ ይበቃል።